ዘመድ ሐይቅ ዳር ሲመጣ፦ የቅዳሜና እሁድ መስተንግዶ ከግብዣ እስከ ሽኝት

ዘመድን ሐይቅ ዳር ጋብዞ ሁለት ሌሊት ማሳደር ከምሳ ግብዣ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ እንግዳው በልቶ አይሄድም፤ ያድራል፣ ይታጠባል፣ ሌሊት ይነሳል፣ ጠዋት ይርበዋል። ሁለተኛ፣ ከበሩ ጥቂት እርምጃ ርቆ ውኃ አለ። የመጀመሪያው ጋባዡን ያደክማል፤ ሁለተኛው ካልታሰበበት ሰው ያሳጣል።

ስለዚህ በዚህ መመሪያ ደጋግሜ የምመለስበት ነገር አንድ ነው፦ እያንዳንዱ ሥራ የሰው ስም ይኑረው። «እንተጋገዛለን» ተብሎ የታለፈ እራት ቢዘገይ ጉዳቱ ረሃብ ነው። «ሁላችንም እናያቸዋለን» የተባሉ ልጆችን ግን ማንም አያያቸውም።

የበጋው መገባደጃ፣ ማለትም በሰሜኑ የዓለም ክፍል ሙቀቱ አልፎ ብርዱ ሊገባ ሲል፣ ለዚህ ዓይነት ጉዞ ደስ የሚል ጊዜ ነው። ውኃ ቀስ ብሎ ሞቆ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ፣ አየሩ ከበረደ በኋላም የሐይቁ ላይኛው ክፍል ለዋና ይመቻል። ወቅቱ የራሱ ጣጣም አለው፦ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቀኑ ያጥራል፣ የውኃው ከፍታ ይወርዳል፣ አልጌ ይበዛል፣ ሣሩ ደርቆ ለእሳት ይመቻል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን እያሰበ የተጻፈ ነው።

1. ግብዣው፦ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ

መጀመሪያ ቤቱ ስንት ሰው እንደሚችል ቁጠሩ። የሚቆጠረው አልጋ ብቻ አይደለም። መጸዳጃ ቤቱ፣ የውኃው አቅርቦትና የመኪና ማቆሚያውም ይቆጠራል። ቆሻሻው ወደ ሴፕቲክ ታንክ (ከመሬት በታች ወዳለ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ) የሚገባ ቤት ለአንድ ቤተሰብ ተብሎ ተሠርቶ ሦስት ቤተሰብ ከገባበት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ የሚያስቸግራችሁ መጸዳጃው ነው።

ዘመዱ ከቤቱ አቅም በላይ ከሆነ በሁለት ዙር ጥሯቸው፤ ወይም በቅርብ የሚኖሩትን ለቅዳሜ ቀን ብቻ ጋብዙ። «የእናቴ ወገን በዚህ ሳምንት፣ የአባቴ ወገን በሚቀጥለው» ማለት ነውር የለበትም። ሰው ቅር የሚሰኘው ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ነው። ለሁሉም በአንድ ቀን፣ በራሳችሁ አንደበት ንገሩ።

ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ በቤተሰቡ ግሩፕ አንድ ግልጽ መልእክት ላኩ። እንዲህ ያለ፦

«ሰላም ቤተሰብ። አርብ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ቤቱ ዝግጁ ነው፤ እሁድ ምሳ በልተን 9 ሰዓት ላይ እንለያያለን። አንሶላ፣ ብርድ ልብስና የማብሰያ ዕቃ አለ። ፎጣ፣ የዋና ልብስ፣ የማያንሸራትት ጫማና ለማታ የሚሆን ሹራብ ይዛችሁ ኑ። የልጆቹን ኪሎ ጻፉልኝ፤ ላይፍ ጃኬት የማዘጋጀው በኪሏቸው ነው። የማይስማማው ምግብ ያለበት ይንገረኝ። መዋኘት የማይችል አዋቂ ካለ ለብቻዬ ይጻፍልኝ። አጎቴ፣ ለእርስዎ የታችኛው ክፍል ተይዟል፤ ደረጃ የለውም። መድኃኒትዎን ለአንድ ቀን ጨምረው ይያዙ።»

የመመለሻውን ሰዓት መጻፍ እንግዳ ማባረር የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን ተቃራኒውን ነው የማምነው። ሰዓቱ ከታወቀ እንግዳው «ከበድኳቸው ይሆን?» ብሎ አይሳቀቅም፤ ልጆች ያሏቸውም ሳይመሽ መንገድ ይጀምራሉ።

«ለብቻዬ ይጻፍልኝ» የሚለውም በከንቱ አልገባም። ብዙ አዋቂ ሰው መዋኘት አለመቻሉን በሰው ፊት መናገር ያፍራል፤ ጀልባ ላይ ሲወጣም ዝም ይላል። አስቀድማችሁ ካወቃችሁ ማንም ሳያውቅበት ላይፍ ጃኬት ታቀብሉታላችሁ።

ስለ ወጪና ስለ ሥራ ክፍፍል በዚሁ ጊዜ ተነጋገሩ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል፤ ሎሚው የሚከፋፈለው ግን ለእያንዳንዱ ሲሰጠው ነው። «የሆነ ነገር ይዛችሁ ኑ» ካላችሁ አራት ሰው ዳቦ ይዞ ይመጣል። «የቅዳሜ ቁርስ የእህቴ፣ ፍራፍሬና ለስላሳ የአክስቴ ልጆች፣ ከሰልና በረዶ የወንድሜ» ብላችሁ ቁረጡ።

2. መኝታ

በዕድሜ የገፉትን ከመጸዳጃ ቤት አጠገብ፣ ደረጃ በሌለበት ክፍል አስተኙ። ከአልጋቸው እስከ መጸዳጃው ያለውን መንገድ ማታ መብራት አጥፍታችሁ ራሳችሁ ሂዱበት፤ የሚያደናቅፈውን ምንጣፍና የቻርጀር ገመድ የምታገኙት ያኔ ነው። አነስተኛ የሌሊት መብራት ሰኩበት።

ሕፃን ያላቸውን ከሳሎንና ከማድ ቤት አርቁ። ወጣቶቹ አንድ ላይ መሬት ላይ ፍራሽ ቢነጠፍላቸው ደስታቸው ነው፤ ስለ እነሱ ብዙ አትጨነቁ።

ቤቱ ተዘግቶ ከከረመ ከአንድ ቀን በፊት መስኮቱን ሁሉ ከፍታችሁ አናፍሱት፤ ፍራሹንና ትራሱን ፀሐይ አስመቱ። በየአልጋው አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ አስቀምጡ፤ ቀን በላብ የዋለ ሰው ሌሊት የሚበርደው አይመስለውም። ክፍል ለማሞቅ ከሰል ማስገባት ግን በፍጹም አይሆንም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰውን ሳይነቃ ይገድላል። ድንኳን ውስጥም ያው ነው።

3. ምግብ

ጋባዡ ሁለቱን ቀን ማድ ቤት ውስጥ ካሳለፈ ዘመዶቹ የመጡለትን ሰው አላገኙትም። እኔ የምመርጠው አሠራር በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ትኩስ ነገር ማብሰል ነው። የቀረው ቤት ተሠርቶ የመጣ ወይም በቀዝቃዛው የሚበላ ይሁን። የአርብ እራት አስቀድሞ በአንድ ድስት ተሠርቶ ይጠብቅ፤ ሰው በተለያየ ሰዓት ስለሚደርስ የሚሞቅ ነገር ያስፈልጋል። የቅዳሜ እራት ከሰል ላይ የሚጠበስ ሥጋ ወይም ዓሣ ይሁን። የእሁድ ምሳ ከዚያ የተረፈው።

የበረዶ ሳጥን ሁለት ይሁን፦ አንዱ ለመጠጥ፣ አንዱ ለምግብ። የመጠጡን ልጆች በየደቂቃው ስለሚከፍቱት ቅዝቃዜው ቶሎ ይወጣል፤ ሥጋው እዚያ ውስጥ ከሆነ ይበላሻል። ውስጣቸው በረዶ የሆነ የውኃ ጠርሙሶችን በምግቡ ሣጥን ደርድሩ፤ ሲቀልጡ ይጠጣሉ። ጥሬ ሥጋ በደንብ ታሽጎ ከታች ይቀመጥ፤ የምግቡ ሣጥን ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንዳይሞቅ ጥላ ሥር ይሁን።

ቶሎ የሚበላሽ ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ካለፈ 1 ሰዓት ይበቃዋል። ዶሮ ውስጡ 74 ዲግሪ፣ የተፈጨ ሥጋ 71 ዲግሪ እስኪደርስ ይብሰል። ጥሬ ሥጋ የቀረበበት ሳህን ላይ የበሰለውን አትመልሱ። ጠባሹ ሰው ወሬ ላይ ሆኖ በቀላሉ የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ሁለተኛውን ሳህን ከመጀመሪያው አጠገቡ አስቀምጡለት።

ከዋና የወጣ ልጅ ወዲያው ይርበዋል። ከሰዓት በኋላ የተቆረጠ ፍራፍሬና ዳቦ ጠረጴዛ ላይ ካለ ለቅሶና ጭቅጭቅ ይቀንሳል።

4. ውኃው

ከእንግዶቹ በፊት ውኃውን ራሳችሁ እዩት። ዱላ ይዛችሁ ልጆቹ ይገቡበታል ወደምትሉት ቦታ ሁሉ ግቡ። ድንገት የሚጠልቀውን፣ ድንጋዩን፣ ስብርባሪ ጠርሙሱን ፈልጉ። በበጋው መጀመሪያ ሰው ይዘልበት የነበረው የእንጨት መድረክ አሁን ውኃው ስለጎደለ ጥልቀቱ ላይበቃ ይችላል። በጭንቅላት መዝለል ክልክል ነው በሉ፤ መግባት በእግር ብቻ። ወገብ የሚደርስ ውኃ ውስጥ በጭንቅላቱ የዘለለ ሰው አንገቱን ሰብሮ ዕድሜ ልኩን ሽባ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ቀለሙን ተመልከቱ። ሞቃትና ነፋስ የሌለበት ሰሞን ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚባለው ይበዛል። አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል፣ ነፋሱ የሚገፋው ዳርቻ ላይ ይጠራቀማል፣ አንዳንዴም ይሸታል። አንዳንዱ ዓይነት መርዝ ያመነጫል፤ ሰውን ቆዳውንና ሆዱን ያሳምማል፣ ከጠጣው ውሻ ደግሞ ይገድላል። ማፍላት መርዙን አያጠፋውም። አጠራጣሪ ከሆነ ዋናው ይቅር፤ በዓይን መለየት ስለማይቻል «ትንሽ ነው» ብላችሁ አትግቡ።

ላይፍ ጃኬት በልኩ ይሁን። ልጁን አልብሱትና ማያያዣዎቹን ሁሉ ቆልፉ፣ ማሰሪያዎቹን አጥብቁ። ልጁ ሁለት እጁን ወደ ላይ ያንሳ። እናንተ ትከሻው ላይ ያለውን የጃኬቱን ጫፍ በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ጃኬቱ አገጩን አልፎ ጆሮው ጋ ከደረሰ ሰፍቶታል፤ ውኃ ውስጥ ሲገባ ተንሸራቶ ይወጣል። ለትንንሾቹ በእግሮቻቸው መካከል የሚያልፍ ማሰሪያና ጭንቅላት የሚደግፍ ኮሌታ ያለውን ምረጡ። «ሲያድግ ይሆነዋል» ተብሎ የሚገዛ ዕቃ አይደለም።

በአየር የሚነፉት ጎማዎች፣ የክንድ ፊኛዎችና ፍራሾች መጫወቻ እንጂ መከላከያ አይደሉም። ነፋስ ከየብስ ወደ ሐይቁ ሲነፍስ ዳርቻው ላይ ውኃው ጸጥ ያለ ይመስላል፤ የተነፋው ፍራሽ ግን ልጁን ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ዓይነት ነፋስ ባለበት ሰዓት አየር አስወጥታችሁ አስቀምጧቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ልጅ ውኃ ውስጥ ባለበት ጊዜ ሁሉ አንድ የታወቀ ጠባቂ ይኑር። መዋኘት የሚችል አዋቂ፣ ያልጠጣ፣ ስልኩን ለሌላ ሰው የሰጠ። ተራው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ዓይን ይደክማል። አንገቱ ላይ ፊሽካ ይንጠልጠል፤ ተራው ሲያልቅ ፊሽካውን ለተተኪው በእጁ እየሰጠ «አሁን አንተ ነህ» ይበለው፣ ያኛውም «እሺ፣ እኔ ነኝ» ይበል። ፊሽካው ከእጅ ወደ እጅ ካልተላለፈ ተራው አልተላለፈም። የተራውን ዝርዝር ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉት፤ ጋባዡም ከተራው ውጭ ሲሆን በሰላም ይቀመጣል። መዋኘት ለማይችሉ ትንንሽ ልጆች ይህም አይበቃም፤ አንድ ትልቅ ሰው ክንዱን ዘርግቶ በሚደርስበት ርቀት አብሯቸው ውኃ ውስጥ ይሁን።

ጠባቂው የሚፈልገውን ይወቅ። የሚሰምጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም፣ እጁንም አያውለበልብም። ሰውነቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይጋደላል፣ አፉ ከውኃው ጋር እኩል ሆኖ ብቅ ጥልቅ ይላል፣ እጆቹ ውኃውን ወደ ታች ይጫናሉ። ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ሲጫወት የነበረ ልጅ ድንገት ዝም ካለ «ደህና ነህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ካልመለሰ አትጠብቁ።

ለማዳንም ሥርዓት አለ። ዘላችሁ አትግቡ፤ የሚሰምጥ ሰው ያገኘውን ይዞ ስለሚያሰምጥ ሊያድን የገባውም አብሮ የሚሞትበት ጊዜ አለ። መጀመሪያ ረጅም እንጨት አቀብሉት፤ ካልደረሰ ገመድ የታሰረበት ተንሳፋፊ ነገር ወርውሩለት። ሁለቱንም ከዋዜማው ዳርቻው ላይ አስቀምጡ። ከውኃ የወጣው ሰው የማይተነፍስ ከሆነ አንድ ሰው ለአደጋ ጊዜ ቁጥር ይደውል፣ ሌላው አፍ ለአፍ ትንፋሽ በመስጠት ይጀምርና 30 ጊዜ ደረት እየጫነ 2 ትንፋሽ እየሰጠ ይቀጥል። ከተጋባዦቹ መካከል ይህን የሠለጠነ ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከሌለ ከጉዞው በፊት አንድ ሰው ቢሠለጥን ትልቅ ነገር ነው።

በሩ አጠገብ አንድ ወረቀት ለጥፉ፦ የቤቱ ትክክለኛ አድራሻ፣ ከዋናው መንገድ የሚታጠፍበት ምልክት፣ የአደጋ ጊዜ ቁጥር፣ ቅርብ ያለው ሆስፒታል፣ የስልክ ኔትወርክ የሚይዝበት ቦታ። የደነገጠ እንግዳ የት እንዳለ አያውቅም፤ ወረቀቱን ያነባል።

5. አርብ ማታ

የመጀመሪያው ምሽት ለመድረስ ብቻ ይሁን። ልጆቹ ከመኪና ወርደው ወደ ውኃው መሮጣቸው አይቀርም፤ አንድ ሰው እጃቸውን ይዞ ዳርቻው ድረስ ይውሰዳቸውና ሕጉን እዚያው ይንገራቸው፦ ያለ ትልቅ ሰው ወደ ውኃ አይኬድም፣ መድረኩ ላይ አይሮጥም፣ ጨለማ ላይ አይዋኝም። ሕጉ ሦስት ከሆነ ያስታውሱታል። የሚናገረው አንድ ሰው ይሁን፤ የአክስት ልጅ ሲፈቅድ አጎት ከከለከለ ሕግ የለም።

ለአዋቂዎቹ ቤቱን አሳዩ፦ የውኃ ማሞቂያው እንዴት እንደሚሠራ፣ የእጅ ባትሪው የት እንዳለ፣ መጸዳጃው ውስጥ ምን እንደማይጣል። እርጥብ መጥረጊያና ዳይፐር ለሴፕቲክ ታንክ ጠር ናቸው፤ ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ አጠገቡ ካለ ግን ማንም አይሳሳትም።

6. ቅዳሜ

በዚህ ወቅት ማለዳ ላይ ቀዝቃዛ አየር በሞቀው ውኃ ላይ ሲያርፍ ጉም ይሠራል። እስኪገፈፍ ጀልባ አይውጣ። ጉሙ ከሄደ በኋላ ያለው የረፋድ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ነፋስ የማይበዛበት ስለሆነ ለጀልባ ምርጡ ነው። ከሰዓት በኋላ የየብሱ ሙቀት ነፋሱን ያስነሳዋል። አምራቹ ጀልባው ላይ ከለጠፈው የሰው ቁጥርና ክብደት አትለፉ፤ «አንድ ልጅ ብቻ ነው» እየተባለ ነው የሚሞላው። ላይፍ ጃኬት ያላደረገ ሰው ካለ ጀልባው አይነሳ፤ አዋቂውም ጭምር።

ከረፋዱ 4 እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ፀሐዩ ይከብዳል፤ ውኃውም ከታች ያንጸባርቃል። ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙ መለኪያ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ከመውጣት 15 ደቂቃ በፊት ተቀቡ፤ በየ2 ሰዓቱና ከውኃ በወጣችሁ ቁጥር ድገሙ። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ጥላ ሥር ይዋል። ምሳና እንቅልፍ እዚህ ሰዓት ላይ ቢያርፉ ለሁሉም ይስማማል።

ልጆች ሲንጫጩ አረጋውያኑ ጥግ ላይ እንዳይረሱ። መደገፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር ጥላ ውስጥ፣ ውኃውና ልጆቹ በሚታዩበት ቦታ አስቀምጡላቸው፤ ዝቅ ያለ የባሕር ዳር ወንበር ለጉልበት ይከብዳል። ከወጣቶቹ አንዱን ደግሞ አብሯቸው እንዲቀመጥ ጠይቁት። «አያቴ፣ እርስዎ ልጅ ሳሉ የት ነበር የሚዋኙት?» ብሎ ከጀመረ ከሰዓቱ ያልቃል። ከመጣው ሁሉ የልጅ ልጆቹ የሚያስታውሱት ይህንን ይሆናል ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ቀጠሮ ያዙለት።

ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ከውኃ ይውጣ። ድምፁ ከተሰማ መብረቁ ሊደርስ ይችላል፤ ዝናቡ መጀመር የለበትም። ዛፍ ሥር ሳይሆን ቤት ወይም ጣራው የተዘጋ መኪና ውስጥ ግቡ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ 30 ደቂቃ ሳያልፍ አትመለሱ። ቀኑ ሙሉ ዝናብ ከሆነ ካርታ፣ ቼዝና የድሮ ፎቶ አልበም ይበቃል።

7. ምሽት

ፀሐይ ስትጠልቅ ትንኝ ይነሳል። ረጅም እጅጌና ሱሪ ልበሱ፣ ዲት የሚባለው ትንኝ የሚያባርር ኬሚካል ያለበትን መከላከያ ተቀቡ፤ ሰንስክሪን ካለ እሱ ይቅደም። ሣር ውስጥ የዋሉ ልጆችን ለመዥገር ብብታቸውን፣ ከጆሮ ጀርባቸውንና ጭንቅላታቸውን ፈትሹ።

በአካባቢው እሳት ማንደድ የተፈቀደ መሆኑን አረጋግጡ፤ በደረቅ ሰሞን የሚከለከልበት ቦታ ብዙ ነው። ከተፈቀደ አንድ ባልዲ ውኃ አጠገቡ ይቀመጥ። ሲያበቃ ውኃ አፍስሱ፣ በእንጨት አማስሉ፣ ደግማችሁ አፍስሱ። የእጃችሁን ጀርባ ወደ ዓመዱ አስጠጉ፤ ሙቀት ከተሰማችሁ አልጠፋም።

ማታ ከውኃው በላይ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። በዝግታ የተወራው ማዶ ላለ ጎረቤት ይሰማል፤ ሙዚቃውን ቀድማችሁ ቀንሱ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ካለም ቤት ገብታችሁ ተነጋገሩ።

8. እሁድ

ጠዋቱን ለመጨረሻ ዋና ተዉት፤ የጥበቃው ተራ ግን እንዳለ ይቀጥል። ሁሉም ዕቃ በማሸግ ሐሳቡ የተከፋፈለበት ሰዓት ስለሆነ ልጅ የሚረሳው ያኔ ነው። ዕቃ መጫን ሲጀመር ዋናው ያብቃ፣ ልጆቹ ልብስ ይቀይሩ።

ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ነገር ይያዝ፦ አንዱ አንሶላ ይሰብስብ፣ አንዱ ሳህን ይጠብ፣ አንዱ ዳርቻውን ይልቀም። ሳሙና ያለበትን ውኃ ሐይቁ ውስጥ አትድፉ። ላይፍ ጃኬቶቹን ጥላ ላይ አድርቁ፤ እርጥብ ከታሸጉ ይሻግታሉ። ጀልባውን፣ ገመዱንና መቅዘፊያውን ወደ ላይ አውጡ፤ በሩቅ የሚኖሩትን ስንቅ ቋጥራችሁ ቀድማችሁ ሸኙ።

ሁሉም ከሄደ በኋላ አልጋ ሥር፣ የልብስ ገመዱ ላይና መድረኩ ላይ ፈልጉ። የተገኘውን መነጽር፣ ቻርጀርና የልጅ ጫማ ፎቶ አንስታችሁ ግሩፑ ላይ ልቀቁት፤ መድኃኒት ከተረሳ ግን ፎቶውን ትታችሁ ወዲያው ደውሉ።